አርባ አራተኛው ስም

መስከረም 2 ቀን 1966፣ ረቡዕ

አዲስ ዓመት፣ አዲስ ደብተር፣ የቆየ ንዴት። የድሮውን ደብተር ሐምሌ ላይ ጣሪያው አፍስሶ አበሰበሰብኝ። ከግንቦት ወዲህ አንድ መስመር አልጻፍኩም። ያለፈውን ባጭሩ ላስፍርና ከዚያ እንደ ልቤ እናደዳለሁ።

የራሴ ጉዳይ፦ ሳፊያን አጭቻለሁ። ሠርጉ ከአረፋ በኋላ ነው። ወንድሟ ሙስተፋ፣ ቡታጅራ ገበያ ዳር ልብስ የሚሰፋው፣ ከልጅነት ጀምሮ ጓደኛዬ ነው። የቡድናችንም አምበል ነው። አሁን አማች ሊሆነኝ ስለሆነ ኳስ በሳትኩ ቁጥር የሚሰድበኝ በእጥፍ ነው።

ኳስ፦ ሚያዝያ ላይ ወልቂጤ ሄደን ሦስት ለአንድ ተሸነፍን። አንዷን ያገባሁት እኔ ነኝ፣ በግራ ክንፍ ገብቼ። ያንን ግን የሚያነሳልኝ የለም። የመልሱ ጨዋታ ጥቅምት 23፣ በዘውድ በዓል ዕለት፣ እኛ ሜዳ ላይ ነው።

ሙዚቃ፦ የራዲዮዬ ድንጋይ አልቋል። ዘፈን የምሰማው ወይዘሮ ዓለምዘውድ ቡና ቤት በር ላይ ቆሜ ነው። ያላቸው ሸክላ አንድ ነው፤ እሱም መሀሉ ተጭሯል። ዘፋኙ «ነይ» ካለ ሴትዮዋ መጥተው መርፌውን እስኪያነሱለት ድረስ «ነይ ነይ ነይ» እንዳለ ይቀራል። እሱም እንደኔው ነው፣ የጠራት ገና አልመጣችለትም።

ፖለቲካ፦ አሰልጣኛችን አዳነ፣ ከጎጃም የመጣው አስተማሪ፣ «ዘንድሮ አንድ ነገር ይሆናል» ይላል። አምናም ብሎ ነበር።

ዛሬ ከመንደር የመጣ ሰው፣ የባለመሬቱ የግራዝማች ፈቃደ ሠራተኞች እኛ ሰፈር አጣና እያወረዱ ነው አለኝ። አጣናው ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

መስከረም 4፣ አርብ

አጣናውን ጀፎረው ላይ፣ የመንደሩ አደባባይ ሣር ላይ ተከሉት። ጀፎረው ላይ! ሰዎቹ አብደዋል እንዴ?

ቸኩያለሁ። የእሁዱን ተሰላፊዎች ስም ጽፌ ሙስተፋ ሱቅ በር ላይ መለጠፍ አለብኝ። ሁልጊዜ የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ፊደሌ ያምራል ይላሉ።

መስከረም 6፣ እሁድ

ለልምምድ ወደ መንደር ሄድን፣ ከቡታጅራ አንድ ሰዓት በእግር። ሜዳችን ማለት ጀፎረው ነው። አጣናው ከመሀል ሜዳ ተነስቶ እስከ መቃብሩ መንገድ ድረስ ተተክሏል፤ ገና ማገር አልተመታበትም። ሙስተፋ ኳሷን በአጣናዎቹ መሀል እየነዳ «ከወልቂጤ ተከላካዮች እነዚህ ይሻላሉ» አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ግራዝማች ፈቃደ በበቅሎ መጡ። ክፉ ሰው ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር። ወርደው ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ ጨበጡ፣ የአባቴን የወገብ ሕመም ጠየቁ፣ ከዚያ ከኮታቸው ኪስ ወረቀት አወጡ።

«እኔ የማንንም አልነካሁም» አሉ። «ማንም ያልያዘው፣ ግብር የማይከፈልበት ባዶ መሬት ነው ተብሎ በመንግሥት መዝገብ ሰፍሯል። አመለከትኩ፣ ተሰጠኝ። ባሕር ዛፍ እተክልበታለሁ።»

የመንደሩ ሽማግሌ ሀጂ ሙሀመድሰይድ ወረቀቱን ተቀብለው አገላበጡት። ፊደል አያውቁም።

«ባዶ?» አሉ። «አባቴን ወደ መቃብር የወሰድኩት በዚህ ነው። የተዳርኩት እዚህ ነው። ዝናብ ሲጠፋ የምንለምነው እዚህ ቆመን ነው። ባዶ ነው ያለው ማነው?»

«መንግሥት ነዋ።»

«መንግሥት እግር የለውም፤ መጥቶ አላየውም። የጻፈው ሰው ነው። ሰውየው ማነው?»

ወረቀቱን እኔና አዳነ ማንበብ እንችል ነበር። ኳሷ እንሰት ውስጥ ገብታ ስለነበር እኔ እሷን ላመጣ ሄድኩ። ፍለጋው ቆየብኝ።

መስከረም 8፣ ማክሰኞ

በጸሐፊነት የምሠራበት የወረዳው ግብር ቢሮ አለቃ፣ አቶ አለሙ፣ ዛሬ ጠራኝ። ሰውየው ባለሥልጣን ይምሰል እንጂ የሚፈራው ማህተም ነው።

«ይሄ ጀፎረ የምትሉት ምንድነው?» አለኝ።

አስረዳሁት። በቤቶቹ ፊት ለፊት የሚሄድ ሰፊ ሣር ነው፣ መንገድም አደባባይም ነው፤ ሠርጉም ለቅሶውም ሸንጎውም እዚያ ነው። አይታረስም፣ አይታጠርም። የሰው አጥር አንድ ክንድ ወደ ውስጥ ከገባ ሽማግሌ መጥቶ ይነቅለዋል። ይህንን ስናገር ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሯል፣ የጎረቤት ቢሮ ሰዎች ብቅ ብለው አዩኝ።

«ታዲያ ባለቤቱ ማነው?»

«ሁሉም ነው ጌታዬ።»

«በቅጹ ላይ ሁሉም የሚል ዓምድ የለም» አለና መነጽሩን አወለቀ። «እስቲ የሰፈሩን ማህደር አምጣልኝ።»

መደርደሪያውን ፈልጌ አላገኘሁትም አልኩት። እውነትም ያ መደርደሪያ ያናድዳል። ማንም ሥርዓት አያስይዘውም።

መስከረም 13፣ እሁድ

አባቴ ሽፋ ከሀጂ ሙሀመድሰይድ ጋር ኪራይ ቤቴ ድረስ መጡ። አቤቱታ ሊያጽፉ። አዳነ ሊጽፍላቸው ፈቃደኛ ነበር፤ ሀጂ «አይሆንም፣ የራሳችን ልጅ እያለ» አሉ።

አባቴ ጥግ ላይ ተቀምጦ፣ ብዕሬን ሳነሳ ልጁ መስጊድ ቁርአን ሲቀራ እንደሚያይ ሰው ነበር የሚያየኝ። ስምንተኛ ክፍል የጨረስኩ ዕለት ያረደውን በሬ ለሀጂ እንደገና አወራላቸው። በሬው በየዓመቱ ይወፍራል።

ጻፍኩላቸው። ሁለት ገጽ ሞላ። ሀጂ ቃል ሲያቀብሉኝ አንድም አላባከኑም። ብዕሩ መጥፎ ስለሆነ ፊደሉን ጠምዘዝ አድርጌ፣ አንዱን ከሌላው አራርቄ ነው የጻፍኩት። አባቴ ማንበብ ባይችልም ቅርጹን ያውቃል።

«ዛሬ ፊደልህ ምን ነካው?» አለኝ።

«ብዕሩ ነው» አልኩ። በአባቴ ላይ ጮህኩ። ለምን እንደጮህኩ አላውቅም። ሀጂ ወረቀቱን ልብ ብለው አዩት።

መስከረም 18፣ አርብ

ትናንት የክርስቲያኑ መስቀል፣ ዛሬ የኛ ረመዳን አንድ አለ። ከአዲስ አበባ ለመስቀል የመጡት ከተማውን ሞልተውታል፤ ጥብቅ ሱሪ፣ ትልቅ አንገትጌ፣ ወሬያቸው ሁሉ ስለ ስታዲየም። ወይዘሮ ዓለምዘውድ ጋ አዲስ ሸክላ መጥቷል፣ ነሐስ ጥሩምባ ያለበት። በጾም ቆሜ አልሰማም ብዬ ሌላ መንገድ ዞርኩ። እዚያም ይሰማል።

ግራዝማች አጥሩን ማገር አስመቱት። በሥራ ቀን፣ ወንዶቹ እርሻ ላይ ሳሉ።

መስከረም 20፣ እሁድ

ከአዳነ ጋር ተጣላሁ። በግማሽ ሜዳ እየተለማመድን ነበር። ውሃ ሳልጠጣ መሮጤ አልበቃ ብሎ እሱ ስለ ወሎ ያወራል። ሰው በየመንገዱ እየወደቀ ነው፣ ከዚያ የመጣ ሹፌር በዓይኑ አይቷል፣ ጋዜጣው ግን ስለ ግብዣና ስለ ጌጥ ይጽፋል አለ።

«አየህ» አለኝ፣ «ከረሃቡ በላይ የሚያቃጥለኝ፣ አንድ ቦታ አንድ ጸሐፊ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ‹አዝመራው ደህና ነው› ብሎ በጥሩ ፊደል ጽፏል። እንዳንተ ያለ ደመወዝተኛ። ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል። ምሳ ሰዓት ደርሶበት ይሆናል።»

ኳሷን መትቼ አጥር አሻገርኳትና ጥዬው ሄድኩ። ማንን ነው እንዳንተ የሚለው? እሱስ ደመወዙን ከሰማይ ነው የሚቀበለው? ስድስት ዓመት ሙሉ በሹክሹክታ አብዮተኛ ነው። አንድ ቀን ጮክ ብሎ ሲናገር አልሰማሁም።

መስከረም 28፣ ሰኞ

በራዲዮ ሲና ላይ ጦርነት ነው። ገበያው ሁሉ ጄኔራል ሆኗል።

እኛ ሰፈር ደግሞ እማ ዘይባ ሞቱ። ልጅ ሆነን ጀፎረው ላይ ስንጫወት ኳሳችንን ቀምተው ከሱቅ ዘይት ገዝተን እስክናመጣላቸው የሚይዙብን ሴትዮ ናቸው። ቃሬዛውን ከያዙት አራት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ፣ በግራ በኩል። መቃብሩ በጀፎረው ቀጥታ መቶ እርምጃ አይሞላም። አጥሩ ጋ ስንደርስ ቆምን። የግራዝማች ዘበኛ አጥሩን አልከፍትም አለ፤ ታዝዤ ነው አለ፤ አለቀሰም። ሬሳ ይዘን በታች በኩል በጭቃው ዞርን። ሙስተፋ አንሸራተተው፤ ቃሬዛው አዘነበለ፤ የከፈኑ ጫፍ ጭቃ ነካ።

ሀጂ ከኋላ ሆነው «ያጻፈውን አላህ ያውቀዋል» ይላሉ። ያጻፈው፣ የጻፈው፣ ያስፈረመው። ይህንኑ እየደጋገሙ እስከ መቃብሩ ሄዱ። በቃ ተዉ ልላቸው ፈልጌ ነበር።

ግራዝማችን ልገላቸው እችላለሁ። እንዲያው ለመጻፍ ያህል ነው። አልችልም።

ጥቅምት 3፣ ቅዳሜ

አዳነ የግራዝማችን ወረቀት ገልብጦት ኖሯል። ግልባጩን ሙስተፋ ሱቅ አምጥቶ ጮክ ብሎ አነበበው። መሬቱ ባዶ ነው ተብሎ የተመዘገበበት ቀን ግንቦት 18 ቀን 1965 ነው።

ሙስተፋ እግሩን ከስፌት መኪናው መርገጫ ላይ አነሳ። «ግንቦት 18? ቅዳሜ አልነበረም? አዲስ አበባ ስታዲየም የሄድን ዕለት?» አለኝ። «ትዝ ይልሃል? ኤንትሬው ጭነት መኪና ላይ ስትወጣ ጣትህ ቀለም ነበረበት። ነጩን ሸሚዜን አበላሸህብኝ።»

«አልነበርኩም እኔ» አልኩ። ከዚያ «ነበርኩ፣ ግን ቀለም አልነበረም» አልኩ። እሱ እግሩን መልሶ መርገጫው ላይ አደረገ።

ማታ። እሺ። ለዚህ ደብተር ልንገረው፣ ማንም አያነበውም።

መሥሪያ ቤት ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ነው። ኤንትሬው በር ላይ ቆሞ ጥሩምባ ይነፋል። ሙስተፋ ከላይ ሆኖ «ሀቢቡ! ጨዋታው ያመልጠናል!» ይላል። አቶ አለሙ ዝርዝሩ ሰኞ አውራጃ መድረስ አለበት ብሎኝ ሄዷል። የቀረኝ የኛው ሰፈር ነው። ቅጹ ይጠይቃል። ባለይዞታው ማነው? ሁሉም። ሁሉም የሚባል ግብር ከፋይ የለም። ምን ይመረትበታል? ምንም። ማን ቤት ሠርቶበታል? ማንም። «ማንም ያልያዘው ባዶ መሬት» ብዬ ጻፍኩ። ከወንበሬ ተነስቼ፣ ቆሜ። ቆሜም ፊደሌ ያምራል።

ጀፎረን የሚወስድ ሰው አለ ብሎ ማን ያስባል? እዚያ የተወለደ ሰው አያስበውም። ሌላ ሰፈር ቢሆን እጠነቀቅ ነበር፣ እጠይቅ ነበር። የራሴ ሰፈር ስለሆነ ነው ያልፈራሁት። አየርን ባዶ ነው ብዬ የጻፍኩ ያህል ነበር የመሰለኝ። ማህደሩን መስከረም ላይ ከቁም ሳጥኑ ሥር የከተትኩት ግን ማወቄን አውቄ ነው። ያንን ደግሞ ማንም በጥሩምባ አላቻኮለኝም።

ጨዋታው ዜሮ ለዜሮ አለቀ።

ጥቅምት 9፣ አርብ

ገበያ። ሳፊያ ከእናቷ ጋር ቆጮ ይዛ መጣች። እናቷ ዞር ሲሉ ቀረብ አልኩ። ሀጂ ሙሀመድሰይድ የሰፈሩ ወንድ በሙሉ በረመዳን የመጨረሻው ጁምዓ ጀፎረው ላይ እንዲምል ወስነዋል አለችኝ። አውራጃው አቤቱታውን ከማየቱ በፊት ከመሀላችን ባዶ ነው ብሎ ያስመዘገበ ካለ ይለይ ተብሎ።

«አንተም ትምላለህ?» አለችኝ።

«እንዴታ!»

«አባባ፣ ያልማለ ሰው ቤቴ አይገባም ብሏል።» የቆጮውን ኮባ ጠቀለለች፣ ፈታች፣ እንደገና ጠቀለለች። «ሙስተፋ ያንን ነጭ ሸሚዝ እጠቢልኝ ብሎ ሰጥቶኝ ነበር። ሳሙና አይገፋውም።»

«ይጣለው» አልኳት።

«እኔም አልኩት። ለኢድ ይለብሰዋል አለኝ።»

እንዲህ አድርጎ ከሚያሰቃየኝ ለምን በጥፊ አይመታኝም?

ጥቅምት 13፣ ማክሰኞ

ከእስራኤል ጋር ያለው ግንኙነት ተቋረጠ ተባለ። ቢሮ ውስጥ ሁሉም ትንታኔ ሰጠ። ቀጥሎ ደብዳቤ መጣ፤ የዘውድ በዓል ዋንጫን የሚሸልሙት ግራዝማች ፈቃደ ናቸው። ሜዳውን አጥረው ለሜዳው ዋንጫ ይሰጣሉ! ደብዳቤውን በጥሩ ፊደል ገልብጬ በየበሩ እንድለጥፍ ታዘዝኩ። ገለበጥኩ። ምን ላድርግ? ደመወዝተኛ ነኝ።

የጾም ራስ ምታት። ሁሉንም ሰው ጠላሁ።

ጥቅምት 16፣ አርብ

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ተሰበሰብን፤ ከአጥሩ ወዲህ በቀረው ሣር ላይ፣ ትከሻ ለትከሻ። ሀጂ ቁርአኑን በነጭ ጨርቅ ይዘው ቆሙ። እያንዳንዱ ጫማውን አውልቆ ይቀርባል፣ እጁን ያኖራል፣ «ይህን መሬት ባዶ ነው ብዬ አልተናገርኩም፣ አላስጻፍኩም፣ አልጻፍኩም» ይላል።

ሰልፉ ውስጥ ነበርኩ። ከፊቴ ሦስት ሰው ሲቀር ሀጂ ቀና አሉ።

«ሀቢቡ፣ አንተ ውጣ። የማለውን ሰው ስም ጻፍ። የሚጽፍ ሰው እጁ ተይዟል።»

ወጣሁ። ደስ አለኝ፤ እንዳልዋሽ፣ በጣም ደስ አለኝ። ሣሩ ላይ ተቀምጬ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጻፍኩ። አብዶ ማለ። ጀማሉ ማለ። ሙስተፋ ማለ፤ ነጩን ሸሚዝ ለብሶ፣ ብብቱ አጠገብ አምስት ሰማያዊ የጣት ነጠብጣብ። እኔን አላየኝም። የእማ ዘይባ ባል ማሉ፤ ሁለት ሰው ደግፏቸው።

አባቴ የመጨረሻ ነበር። ወገቡ ስለማይታጠፍለት ጫማውን ለማውለቅ ተቸገረ። ሄጄ አወለቅሁለት። በዚያ በተሰነጣጠቀ እጁ ቁርአኑን ነክቶ ማለ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው «ስለ ልጄም እምላለሁ፣ እሱ እየጻፈ ነውና» አለ።

ሀጂ ቁርአኑን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት። «ለሌላ ሰው አይማልም፣ ሽፋ» አሉ።

አርባ ሦስት ስም። ዝርዝሩ ከኢድ ሶላት በኋላ በሕዝብ ፊት ይነበባል፣ ከዚያ ከአቤቱታው ጋር ይላካል። የሚያነበው እኔ ነኝ። አፍጥሬ በላሁ፣ ምን እንደበላሁ አላውቅም።

ጥቅምት 17፣ ቅዳሜ፣ ኢድ

ሶላቱ ላይ ሰዉ በዛ፤ ግማሹ ጭቃው ላይ ሰገደ። ከዚያ ሀጂ «አንብብ» አሉኝ።

አነበብኩ። በየስሙ «ምሏል» እያልኩ። ድምፄ ጥሩ ነበር። አርባ ሦስተኛ፣ ሽፋ፣ ምሏል። ሰዉ ሊበተን ተነቃነቀ። እኔ ከወረቀቱ ቀና አላልኩም፤ ጠዋት በራሴ ፊደል፣ ሳላጣምም የጨመርኩት መስመር ነበር።

«አርባ አራተኛ፣ ሀቢቡ ሽፋ። አልማለም።»

መጀመሪያ የሰማኝ የለም መሰለኝ። እንደገና አነበብኩት። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቅጹን፣ ኤንትሬውን፣ ከቁም ሳጥን ሥር ያለውን ማህደር። አንድ ሰው ጫማ ወረወረብኝ። ጆሮዬን ስቶ አለፈ። የሳፊያ አባት ፊታቸውን አዙረው ሄዱ።

ሀጂ ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱ። «ጠብቄህ ነበር» አሉ። «አቤቱታውን ስትጽፍ ፊደልህን ያጣመምክ ዕለት አወቅሁ። ማንበብ አልችልም እንጂ ዕውር አይደለሁም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«እኔ ብናገር ወሬ ነው። አንተ ብትናገር ማስረጃ ነው። ሰኞ ለአለቃህ ትነግራለህ።»

አባቴ አልሰደበኝም። በትሩን አነሳና ወደ ቤት ሄደ። ሰባ ዓመት በቀጥታ በተመላለሰበት መንገድ አጥሩ ጋ ደረሰ፣ ቆመ፣ በጭቃው ዞረ። ተከትዬ ክንዱን ልይዝ አልኩ። «ተወኝ» አለ።

ጥቅምት 19፣ ሰኞ

ማህደሩን አቶ አለሙ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ሳላይና ሳልጠይቅ ነው የሞላሁት የሚል ቃሌንም በጽሑፍ ጨመርኩበት። ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ከሥራ እንደሚያስወጣህ ታውቃለህ? ምናልባትም እንደሚያሳስርህ?»

«አውቃለሁ ጌታዬ።»

«እነሱም እኮ ላይመለስላቸው ይችላል።»

«እሱንም አውቃለሁ።» አላውቅም ነበር። ግን ለእሱ አላውቅም ማለት አስጠላኝ።

ማህተሙን ከመሳቢያው አውጥቶ ቃሌ ላይ መታበት። «ፊደልህ ያምር ነበር» አለ፣ እንደሞተ ሰው።

ስወጣ በሙስተፋ ሱቅ በኩል አለፍኩ። ተዘግቷል። በሩ ላይ ለጥቅምት 23 የሚሰለፉት ስም ተለጥፏል። ራሱ ነው የጻፈው፤ አስቀያሚ ፊደል፣ የጀማሉን ስም እንኳ ሁለት ቦታ ሰርዞታል። ከላይ ወደ ታች አነበብኩት። ከዚያ ከታች ወደ ላይ። ተናደድኩ፣ እንደገና ቆጠርኩ።

አሥር ስም ነው። «ግራ ክንፍ» ብሎ የኔን ቦታ ጽፎ፣ ፊት ለፊቱ ማንንም አላስገባም።